ሠላሳ ልጅ፣ አንድ ኳስ

ራግቢ ሲባል የብዙዎቻችን ትዝታ ከአንድ ፎቶግራፍ አያልፍም። ኔልሰን ማንዴላ የደቡብ አፍሪካን አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ለአምበሉ ለፍራንሷ ፒናር ዋንጫ ሲያስረክቡ የሚያሳየው ፎቶ። ጁን 24 ቀን 1995፣ ጆሃንስበርግ፣ ኤሊስ ፓርክ፤ ደቡብ አፍሪካ 15፣ ኒውዚላንድ 12። (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልን አናሰለቻችሁም።) ያኔ ያላየ ደግሞ በ2009 በወጣው «ኢንቪክተስ» ፊልም አይቶት ይሆናል።

ዋንጫ የሚነሳበት ቀን ጸሐፊ አያጣም። እኛን የያዘን ጥያቄ ከዚያ ያነሰና አሰልቺ የሚመስል ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ይሄን ጨዋታ የሚማርባትን የአንድ ሰዓት ልምምድ ማን ነው ቅርጽ ያስያዛት? ማንበብ ስንጀምር ሁለት ገጽ የማይሞላ ነገር መስሎን ነበር። ውስጡ የመደብ ጥል፣ የአንዲት ትንሽ አገር ውርደት፣ የመምህራን አድማና የልጆች ሕይወት ተገኘ።

እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። ሠላሳ ልጅ አለ፣ አንድ ኳስ አለ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ አሰልጣኝ አለ። አሰልጣኙ ልጆቹን በአንድ ሰልፍ ያቆምና ተራ በተራ ኳሷን ይዘው ሮጠው እንዲመለሱ ያዛል። ለአንድ ተራ አሥር ሰከንድ ስጡ። በስድሳ ደቂቃ ውስጥ 360 ተራ ይኖራል፤ ለሠላሳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ይደርሰዋል። በጊዜ ሲሰላ 2 ደቂቃ ማለት ነው። ቀሪውን 58 ደቂቃ ልጁ ከፊቱ የቆመውን ጓደኛውን ማጅራት ሲያይ ያሳልፋል። አሁን ያንኑ ሠላሳ ልጅ በአምስት ቡድን ክፈሉና ለየቡድኑ አንድ ኳስ ስጡ። ሁለቷ ደቂቃ አሥር ትሆናለች። ሜዳው አልሰፋም፣ ሰዓቱም አልረዘመም፤ የተጨመረው አራት ኳስ ብቻ ነው። እዚህ እኛው አገር አንዲት ኳስ ለሙሉ ክፍል በምትሰጥበት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያለፈ ሰው ይሄን ስሌት ያለ ወረቀት ያውቀዋል።

ራግቢ ይሄን ሒሳብ እስኪሠራ ድረስ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንንገር። በዋናው ዓይነት በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፤ በእጅ ተይዞ ይሮጥባታል። ወደፊት በእግር መምታት እንጂ በእጅ ማቀበል ክልክል ነው፤ በእጅ የምትቀበለው ከጎን ወይም ከኋላ ላለ ሰው ብቻ ነው። ኳስ የያዘውን ተጫዋች ባላጋራው ይዞ መጣል ይችላል፤ እሱን ታክል ይሉታል። እንግዲህ ወደፊት ለመሄድ ወደኋላ የሚቀባበሉበት ጨዋታ ነው፤ በደመነፍስ የሚመጣ አይደለም፤ መማር ይጠይቃል።

ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ ራግቢ ትምህርት ቤት ነው። ዊልያም ዌብ ኤሊስ የሚባል ተማሪ በ1823 ኳስ አንስቶ ሮጠ፣ ራግቢም ተወለደ የሚለውን ተረት ሰምታችሁ ይሆናል። የዓለም ዋንጫው ራሱ በስሙ ይጠራል። ማስረጃው ግን የሳሳ ነው፤ ታሪኩ በጽሑፍ የወጣው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። እርግጡ ነገር በ1845 ሕጉን በጽሑፍ ያሰፈሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በአንድ ጨዋታ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይወጡ ነበር። ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ባሳተመው «የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ዘመን» በተባለው ልብ ወለድ እንደምናየው ትልልቆቹ መሀል ሜዳ ይፋለማሉ፤ ትንንሾቹ ጎሉ አካባቢ ተጎልተው ኳስ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። ለዚህ ጨዋታ ልምምድ የሚባል ነገር አልነበረም። ትልቁ ይጫወታል፣ ትንሹ እስኪያድግ ይጠብቃል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች በ1871 የእንግሊዝን ራግቢ ማኅበር ሲያቋቁሙ አንድ እምነት ይዘው መጡ። ጨዋ ሰው ለደስታው ይጫወታል፤ ለመጫወት ደግሞ አይከፈለውም። በሰሜን እንግሊዝ ግን ተጫዋቹ የማዕድን ቆፋሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ሊጫወት ሲሄድ ደመወዙ ይቆረጣል። ክለቦቹ የተቆረጠውን እንተካለት ቢሉ ማኅበሩ አሻፈረኝ አለ። ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜኖቹ ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ተገነጠሉ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የምንለው በ13 ተጫዋች የሚካሄደው ጨዋታ የዚያ ፍቺ ልጅ ነው። የቀረው ወገን፣ ራግቢ ዩኒየን፣ ክፍያን በይፋ የፈቀደው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1995 ነው።

ይሄ ከልጆች ልምምድ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የገንዘብ ጥርጣሬው ወደ ዝግጅትም ተዛመተ። በደንብ መዘጋጀት የሠራተኛ ጠባይ፣ የባለሙያ ሽታ ያለው ነገር ተደርጎ ታየ። በብሪታንያና በአየርላንድ ለረጅም ዘመን ብሔራዊ ቡድን ከጨዋታው 48 ሰዓት ቀድሞ መሰብሰብ እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ትልቁ ሲዘጋጅ የሚያፍር ከሆነ ልጁን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ማን ያስባል?

ማሰብ የጀመሩት ከሩቅ የመጡት ናቸው። በ1905 የኒውዚላንድ ቡድን ሪሙታካ በተባለች መርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ መርከቧ ላይ እየተለማመደ ነበር። አምበሉ ዴቭ ጋላኸር የአየርላንድ ተወላጅ ነው፤ ምክትሉ ቢሊ ስቴድ ጫማ ሠሪ። እንግሊዞቹ ወደ ግፊያው ቀድሞ የደረሰ ሁሉ እንዳገኘ እየገባ ሲጫወቱ፣ ኒውዚላንዶቹ እያንዳንዱ ሰው ቦታና ሥራ ነበረው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ዴቨንን 55 ለ 4 አሸነፉ። ውጤቱ ሲደርሳቸው ስህተት ነው ብለው ቁጥሩን ገልብጠው ያተሙ ጋዜጦች ነበሩ ይባላል፤ ጋዜጠኝነት ያጠናን ሰዎች ስለሆንን በዚህ አንስቅም። በጉዞው ካደረጓቸው 35 ጨዋታዎች 34ቱን አሸነፉ፤ 976 ነጥብ አስቆጥረው 59 ብቻ ተቆጠረባቸው። የተሸነፉባት አንዷ ዲሴምበር 16 ቀን 1905 ካርዲፍ ላይ በዌልስ 3 ለ 0 የተረቱባት ናት። ዌልሶቹ ነጥቧን ያስቆጠሩባትን እንቅስቃሴ አስቀድመው ተለማምደዋት ነበር። እንግዲህ የተለማመደውን ያሸነፈው ሌላ የተለማመደ ነው። ጋላኸርና ስቴድ በ1906 ያወቁትን ሁሉ በሥዕላዊ መግለጫ አስደግፈው በመጽሐፍ አሳተሙት። ጋላኸር በ1917 ቤልጂየም ውስጥ በፓሽንዴል ጦርነት ሞተ።

መጽሐፉ ነበረ፤ እንግሊዝ ግን ብዙም አልተለወጠችም። ስድሳ ዓመት እንዝለል።

ሜይ 23 ቀን 1964 ዌልስ ደርባን ላይ በደቡብ አፍሪካ 24 ለ 3 ተሸነፈች። ዛሬ ለሚያይ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለነሱ ግን የአርባ ዓመት ከባዱ ሽንፈት ነበር። ዌልስ ማለት የድንጋይ ከሰልና የብረት ፋብሪካ አገር ናት፤ በእንግሊዝ ጎን ተለጥፋ የምትኖር፣ የራሷ ቋንቋ ያላት፣ ራግቢ ላይ ግን ከማንም አላንስም የምትል። ያቺ አገር ስትዋረድ ማልቀስ ብቻ አላደረገችም፤ ኮሚቴ አቋቋመች። (ኮሚቴ ሥራ ሲሠራ ማየት ብርቅ ስለሆነ ነው የጠቀስነው።) በ1967 የዌልስ ራግቢ ኅብረት ሬይ ዊልያምስ የሚባል የአካል ብቃት ትምህርት ሰው ቀጠረ። ሹመቱ የአሰልጣኝነት ሥራ አደራጅ የሚል ነው። በዓለም ራግቢ እንዲህ ያለ ሥራ ሲፈጠር የመጀመሪያው ነበር። የሱ ሥራ ብሔራዊ ቡድኑን ማሰልጠን አልነበረም። አሰልጣኞችን ማሰልጠን ነበር፤ ክለቦች አሰልጣኝ እንዲሾሙ፣ የተሾሙትም ኮርስ እንዲወስዱ፣ ሰዓታቸውን አቅደው ሜዳ እንዲወጡ።

ከዚያ የዌልስ ወርቃማ ዘመን መጣ። የአምስቱን አገሮች ውድድር በ1971፣ በ1976 እና በ1978 ሁሉንም ጨዋታ አሸንፋ ጨረሰች። ተረቱን እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይል ነበር፤ ሬይ ዊልያምስ መጣ፣ ልጆች ሠለጠኑ፣ ዋንጫ ጎረፈ ብሎ። ችግሩ ዓመተ ምሕረቱ አይገጥምም። የዚያ ቡድን ንጉሥ ጋሬት ኤድዋርድስ የተወለደው በ1947 ነው፤ ዊልያምስ ሥራ ሲጀምር የ20 ዓመት ወጣት ነበር። እሱን የሠራው ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው ቢል ሳሙኤል ይባላል፤ በፖንታርዳዌ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር። ኤድዋርድስ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር። ሳሙኤል ይህን ልጅ አይቶ ራግቢ ብቻ አላስተማረውም። ጂምናስቲክ አሠራው፣ ጦር አስወረወረው፣ መሰናክል አስዘለለው። ልጁ በመሰናክል ሩጫ በአገር ደረጃ ከተማሪዎች አንደኛ እስከ መሆን ደርሷል። ሰውነቱን ማዘዝ ከቻለ ኳሷን ማዘዝ አያቅተውም የሚል አሳብ ይመስላል። ከዚያም ታዋቂ በሆነ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝ ረዳው። አንድ መምህር፣ አንድ ልጅ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። ውጤቱ ብዙዎች የምንጊዜም ምርጥ የሚሉት ተጫዋች ሆነ።

የዊልያምስን ሥራ ትልቅ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው ብለን እናምናለን። ቢል ሳሙኤል ለአንድ ልጅ የሰጠውን ትኩረት ለሺህ ልጅ እንዴት ታዳርሳለህ? ለየልጁ አንድ ሳሙኤል አይቀጠርም። ስለዚህ ጨዋታውን ራሱን አሳነሱት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዌልስ ሚኒ ራግቢ የሚባለውን አስፋፋች፤ በ15 ፈንታ 9 ልጅ፣ በትልቁ ሜዳ ፈንታ ትንሽ ሜዳ፣ ቀለል ያለ ሕግ። በ15ቱ ጨዋታ ክንፍ ላይ የቆመ ቀጭን ልጅ ብርድ እየቆረጠመው አንድም ኳስ ሳይነካ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በ9 ልጅና በጠባብ ሜዳ መደበቂያ የለም፤ ኳሷ ወደ ሁሉም ትመጣለች። ሐሳቡ ቀላል ስለሆነ ብልሃት አይመስልም። ሰፈር ውስጥ አራት ድንጋይ ጎል አድርጎ በካልሲ ኳስ የተጫወተ ልጅም ያውቀዋል። ልዩነቱ አንድ አገር በደንብ ጽፎ፣ አስተማሪ አሠልጥኖ በየትምህርት ቤቱ መበተኑ ነው።

በዚያው ዘመን ካርዊን ጄምስ የሚባል ሌላ ዌልሳዊ ነበረ። የዌልስ ቋንቋ መምህር፣ በባሕር ኃይል ግዳጁ ጊዜ ሩሲያኛ የተማረ፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው። በ1971 የብሪታንያና የአየርላንድን ጥምር ቡድን፣ ላየንስን፣ ይዞ ኒውዚላንድ ሄዶ አሸነፈ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ኒውዚላንድ ላይ ተከታታይ ግጥሚያ ያሸነፈ የላየንስ ቡድን የለም። ኦክቶበር 31 ቀን 1972 ደግሞ የላነሊ ክለቡ ያንኑ ኃያል ቡድን በአገሩ 9 ለ 3 ረታ። ጄምስ ተጫዋቾቹን የሚጠይቅ አሰልጣኝ ነበር፤ ምን ታያለህ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ ይላል። የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ለመሆን አመልክቶ፣ ቡድኑን የሚመርጥልኝ ኮሚቴ ካለ አልፈልግም ብሎ ማመልከቻውን ሳበ። አገሩን ሳያሰለጥን በ1983 ሞተ። ኮሚቴን ቅድም ያመሰገንነውን በዚህ እንመልሰዋለን።

ያ የጄምስ ጥያቄ በልጆች ልምምድ ውስጥ መልክ የያዘው በ1980ዎቹ ነው። በ1982 ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ የተባሉ የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ልጅን መጀመሪያ ጨዋታው ውስጥ አስገቡት፣ ቴክኒኩን ሲፈልገው ያን ጊዜ አስተምሩት የሚል የማስተማሪያ መንገድ አወጡ። በራግቢ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በሰልፉ ዘዴ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን እየሮጡ ኳስ ይቀባበላሉ፤ ከፊታቸው ማንም የለም። ቅብብሉ ያምራል። በሌላው ዘዴ ግን አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ካሬ ውስጥ ሁለት አጥቂና አንድ ተከላካይ ይገባሉ። አሁን ኳስ የያዘችው ልጅ መወሰን አለባት። ቶሎ ካቀበለች ተከላካዩ ወደ ጓደኛዋ ይዞራል፤ ከዘገየች ትያዛለች። ተከላካዩ ወደ እሷ እስኪያዘነብል ጠብቃ፣ ያችን ግማሽ ሰከንድ አይታ መልቀቅ አለባት። ማቀበል ማለት እጅ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ነው። ያለ ተከላካይ ሺህ ጊዜ የተለማመደ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ተከላካይ ሲያይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ይሄ ልምምድ የሚፈልገው ሦስት ልጅ፣ አንድ ኳስና አራት ኮን ነው፤ ሠላሳ ልጅ ካለ አሥር ካሬ ይሠራል። አሰልጣኙ መሀል ቆሞ ከመጮህ ይልቅ እየዞረ ያያል። ለአንዳንድ አሰልጣኝ ከባዱ ይሄ ነው መሰለን፤ ሰልፍ ያዘዘ ሰው ሥራ የሠራ ይመስላል፣ ዞሮ የሚያይ ሰው ደግሞ ሥራ የፈታ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳናነሳ አናልፍም። «የያዘችው ልጅ» ስንል ሴት ልጅ ያስገባነው እኛ ነን፤ እስካሁን ባወራነው ታሪክ ውስጥ ሴት የለችም። የመጀመሪያው የሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ የተካሄደው በ1991፣ በዚያችው በዌልስ ነው። ተጫዋቾቹ በራሳቸው ወጪ ነበር የመጡት። የሶቪየት ኅብረት ቡድንማ ወጪውን ለመሸፈን ቮድካና ካቪያር ይዞ መጥቶ ሲሸጥ ጉምሩክ ደረሰበት ይባላል። ዋንጫውን አሜሪካ እንግሊዝን 19 ለ 6 አሸንፋ ወሰደች።

ወደ ዌልስ እንመለስ፣ መጨረሻው አላማረምና። በ1980ዎቹ ማዕድን ማውጫዎቹ ተዘጉ። በ1985 እና 86 የብሪታንያ መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጣሉ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነጻ የሚሠሩትንም አቆሙ። የቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ፣ ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ልምምድ፣ ሁሉም በነሱ ትከሻ ላይ ነበር። ብዙ ዌልሳውያን የራግቢያቸውን ውድቀት ሲያወሩ ይህን አድማ ያነሳሉ፤ አንዳንዱም በወቀሳ ድምፅ። እኛ መምህራኑን መውቀስ አይዋጥልንም። አገር ሙሉ በነጻ ጉልበታቸው ዋንጫ እየበላ ሒሳቡን ማንም አልያዘውም ነበር፤ ሲያቆሙ ታወቀ። የተሻለ የልምምድ ዕቅድ ቢጻፍ የሚያስፈጽመው ሰው ቤት ኪራይ አለበት።

ሌላው ዋጋ ደግሞ የከፋ ነው። በጃኑዋሪ 2011 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ደግሞ ተመታ፤ ሞተ። በ2016 ከ70 በላይ ሐኪሞችና ምሁራን በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ታክል እንዲታገድ ለመንግሥታት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። አልታገደም። ግን ጥያቄው የልምምዷን ሰዓት ቀየራት። ድሮ ጥሩ ልምምድ የሚባለው ልጆች እየተጋጩ ጭቃ ለብሰው የሚወጡበት ነበር። በ2017 የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ40 የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ከ14 እስከ 18 ዓመት ባሉ ወንድ ተጫዋቾች ላይ የሠሩትን ጥናት አወጡ። 20 ደቂቃ የሚወስድ የማሟሟቂያ እንቅስቃሴ ነው፤ ሚዛን መጠበቅ፣ ዝላይ፣ አቅጣጫ መቀየር፣ አንገት ማጠንከር። በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሠሩት ቡድኖች የተለመደውን ማሟሟቂያ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በጨዋታ ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት በ72 በመቶ፣ የአንጎል መናወጥ ደግሞ በ59 በመቶ ያነሰ ሆነ።

እዚህ ላይ አሰልጣኙ ሰዓቱን ማየቱ አይቀርም። ከ60ው ደቂቃ 20ውን ለማሟሟቂያ? ሰልፍ ለሚያሰልፍ ሰው አይበቃውም፤ ለየልጁ ከሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ላይ ደግሞ ሊቀነስ ነው። በአሥር ካሬ ለከፈለ ሰው ግን ሰዓቱ ይተርፋል። በ2021 የዓለም ራግቢ አካል ለባለሙያዎቹ እንኳ፣ ደመወዝተኛ ለሆኑት ግዙፎች፣ በልምምድ ላይ ሙሉ ኃይል ያለው ግጭት በሳምንት ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ መመሪያ አወጣ። ለአዋቂው 15 ደቂቃ ከበዛ የ12 ዓመቱን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ማጋጨት ምን ሊባል ነው?

እንግሊዝም በ2010ዎቹ የልጆቿን ጨዋታ እንደገና ቀደደችና ሰፋች። አዲሱ ደንብ በየዕድሜው የተጫዋቹን ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምራል። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው የሚጀምሩት አራት ለአራት ሆነው ነው። ታክል የለም፤ ወገባቸው ላይ ሁለት ጨርቅ ይንጠለጠላል፣ ኳስ የያዘውን ጨርቁን የነጠቀ አስቆመው ማለት ነው። ሜዳዋ ትንሽ ናት፤ ጎል አካባቢ ተጎልቶ የሚጠብቅ ልጅ የለም።